ለሰውዬው ማን ነገረው?

ሰኞ ማታ

ዛሬ የራሴን ፓስወርድ ከሌላ ስልክ ላይ አነበብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመልእክት አፓችን አዲሱ ቅጂ ከመውጣቱ በፊት በተለያየ ስልክ ላይ እየጫንኩ የምፈትሸው እኔ ነኝ። የመፈተሻ ስልኮቻችን ደግሞ ጉድ ናቸው፤ አንዱ ድምፅ የለው፣ አንዱ ባትሪው ያበጠ፣ አንዱ ካልመቱት የማይነሳ። ባትሪው ያበጠው ሲሞትብኝ ሚሞሪ ካርዱን ነቅዬ ሌላው ላይ ከተትኩት፤ ፎቶዎች ፈልጌ ነበር። ከፎቶዎቹ አጠገብ አንዲት ትንሽ ፋይል አየሁ። ከፈትኳት። ስሜ፣ ከሥሩ ፓስወርዴ። አልተቆለፈ፣ አልተሸፈነ፣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ የሚያነበው።

እኛው ነን ያስቀመጥናት። ፈታሾች ቀኑን ሙሉ ስንገባ ስንወጣ፣ ፓስወርድ ስንጽፍ ጣታችን ሲዝል ጭምቱ አዘነልን። ጭምቱ ኮዱን የሚጽፈው ልጅ ነው፤ ቃል ስለማይወጣው ነው እንዲህ የምንለው። አፑ ስማችንንና ፓስወርዳችንን ሚሞሪ ላይ ጽፎ እንዲያስቀምጥና ስንመለስ ራሱ እንዲሞላልን አደረገ። ለእኛ ብቻ ነበር፤ አፑ ወደ ሕዝብ ሲወጣ ሊያነሳት። ረሳ። እኛም ስለተመቸን ትዝ አላለንም። አሁን አፑን የጫነ ሰው ሁሉ ሚሞሪው ላይ አለችለት። ከአፑ ቢወጣ እንኳ አትጠፋም።

ጭምቱን ጠርቼ ሳሳየው ፊቱ አመድ መሰለ። «እንዴ! ይቺ ወጣች እንዴ?» አለ። ለእሱ ይሄ ረጅም ንግግር ነው።

ማክሰኞ

አለቃችንን ቀጠሮ ነው የምንለው፣ ከጀርባው እንጂ ፊቱማ ማን ደፍሮ። ወንበር ተሰበረ ስትለው እንኳ ቀን ይቆርጥልሃል። ዛሬ ግን አዳመጠን፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠን።

«ብናስተካክለው ምን ይሆናል?» አለ።

«ሁሉም ሰው ከአፑ ይወጣል። እንደገና መግባት፣ ፓስወርዱንም መቀየር አለበት» አለ ጭምቱ።

ቀጠሮ ሳቀ። «ግማሹ ፓስወርዱን ረስቶታል። አንዴ ከወጣ አይመለስም። ርክክቡ ደርሶ ባዶ አፕ ላሳያቸው?»

ርክክቡ ማለት የትምህርት ቤቶቹ ነው፤ ወላጅና አስተማሪ በእኛ አፕ እንዲነጋገሩ ሊፈርሙ ነው። ሌላም ነገር አንስቼ ነበር፤ የአንድ ሰው ስም በሁለተኛ ስልክ ላይ ሲከፈት አፑ ለባለቤቱ አያሳውቅም። «እሷንም ያዢያት። ከርክክቡ በኋላ» አለ። ቀጥሎ ከዚህ ክፍል ወሬ እንዳይወጣ ሁለታችንንም አስፈረመን።

ስወጣ ከኋላዬ «የፍተሻ ክፍሉን ለማን እንደምሰጥ እያሰብኩበት ነው» አለኝ። ዝም ያልኩት ለሹመቱ ብዬ አይደለም። ስለማያዋጣ ነው፤ ከቀጠሮ ጋር ተጨቃጭቆ የረታ የለም።

ሐሙስ ማታ

ከሥራ በቀጥታ እህቴ ጋ ሄድኩ። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ አልጋው ከገባ ወዲህ በሩ እኩል ድረስ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ሰው በጎን ነው የሚገባው። ልጇ ሚጣ ለአሻንጉሊቷ «ቤታችን ምሥጢር ነው፣ እሺ?» ትላለች። አምስት ዓመቷ ነው፤ ጨዋታ መስሏታል።

እህቴ ከሰውዬው ቤት የወጣችው በለበሰችው ልብስና በልጅቷ ቦርሳ ነው። ሰውዬው ባሏ ነው። ስሙን እዚህ ጽፌ ደብተሬን አላቆሽሽም። በመጨረሻው ቀን መጀመሪያ ስልኳን ነጥቆ ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው፣ ቀጥሎ እሷን። ስልኩ እንደተሰበረ እዚያው ቀረ። አዲስ ስልክ ገዛንላት፣ አዲስ ቁጥር አወጣን። አፑን ግን በድሮው ስሟና በድሮው ፓስወርዷ እንድትከፍተው የመከርኳት እኔ ነኝ፤ የሚጣ የጨቅላነቷ ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ስትከፍተው ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

የት እንደገቡ ከእሷ ሌላ የምናውቀው እኔና አክስቴ ብቻ ነን። ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ሰውዬው እንዳያገኛቸው ነው። ካገኛት ይገድላታል። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም፣ ራሱ ነው በሰው ፊት ያላት።

«አፑ ግን ደህና ነው አይደል፣ እታለም? ሰው አያየውም?» አለችኝ።

«ምን ይሆናል? የምፈትሸው እኔ አይደለሁ እንዴ!» አልኳት።

ታዲያ ምን ልበላት? ፈርሜያለሁ። ደግሞስ የሰው ሚሞሪ ነቅሎ የሚያነብ ሥራ ፈት ማን አለ? ሰው ስልክ የሚሰርቀው ሊሸጠው ነው። ከርክክቡ በኋላ ይስተካከላል።

ቅዳሜ

ሥራ ገባሁ። እህቴ በአፑ ስትጽፍልኝ ዋለች። ሚጣ ስትስል አደረች፤ አከራይዋ ደግ ናት፤ የግቢው በር አረንጓዴ ቀለም ተቀባ፤ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ በመሆኑ ጠዋት ጠዋት ሽታው ያስርባል። ደስ አለኝ፣ ስለ ሽታ ማውራት ጀመረች ማለት ነው። ስለ ሳሉ ለአክስቴ ደወልኩላት። ማር በሎሚ ስጧት አለች፣ ከዚያ ስለ ጎረቤቷ ጥርስ አወራችኝ፣ ከዚያ ስለ ጎረቤቷ ልጅ ጥርስ። ኧረ በስማም!

ሰኞ

ሰውዬው ደወለልኝ።

«እህቴ፣ እንደምን አለሽ? ሚጣዬ ሳሉ ለቀቃት?»

ድምፁ ማር ነው። ሁሌም ማር ነው፤ ሲመታትም እንደዚሁ ነበር ትላለች እህቴ። ዘጋሁበትና ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፣ እዚያ ሆኖ የሚያየኝ መሰለኝ።

ማን ነገረው? እኔ አልተናገርኩም። እህቴ ብትሞት አትናገርም። የቀረችው አክስቴ ናት። አክስቴ ደግሞ አፏ አያርፍም፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ከተቀመጠ ሰው ጋር ሳይቀር ዝምድና ቆጥራ ነው የምትወርደው። ሰውዬውንም ትወደው ነበር። «ወንድ ልጅ አልነበረኝም፣ ይኸው አገኘሁ» ያለችው እሷ አይደለችም?

ረቡዕ ማታ

አክስቴ ቤት ሄድኩ። ሳልቀመጥ ነው የጀመርኩት።

«ከእሱ ጋር ትነጋገሪያለሽ?»

«ከማን ጋር?»

«ከማን ይሆናል? የሚጣን ሳል ማን ነገረው?»

መነጽሯን አወለቀች፤ ስትናደድ እንዲህ ናት። «አንቺ ልጅ፣ እናታችሁ ስትሞት እህትሽ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። በዚህ ጀርባዬ ነው ያሳደግኳት። እሷን ለሚደበድብ ሰው ወሬ አቀብላለሁ?»

«ታዲያ ማን ነገረው?»

«እኔ ምን አውቄ? ከሰፈሩ ሰው ያያቸው ይኖራል።»

«ሳል በዓይን ይታያል?»

መነጽሯን በነጠላዋ መወልወል ጀመረች። ይህን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ሌላም ሌላም ተናገርኩ፣ አልጽፈውም። ስወጣ አልሸኘችኝም። ሁሌ እስከ መንገዱ ድረስ ነበር የምትሸኘኝ፣ በቃሽ ብላትም አትመለስም። መንገድ ላይ ልመለስ ብዬ ነበር፤ ቢሆንም እልሁ በለጠብኝ። ሰው ጥፋቱን ካላመነ ምን ይደረጋል?

ዓርብ

ቀጠሮ በስልክ ከትምህርት ቤቶቹ ሰው ጋር ሲያወራ ሰማሁት። «የደኅንነቱ ነገር አያሳስብዎ። አንዲት ጥብቅ ፈታሽ አለችን፣ ዝንብ አታሳልፍም።» ጆሮዬ ጋለ። ኩራት ይሁን እፍረት ለራሴም አልገባኝም።

ከሰዓት ጭምቱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ራሱ ተነስቶ ሰው ጋ ሲመጣ አይቼው አላውቅም። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። «እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። ስልኩን ለጥገና የሚሰጥ አለ፣ የሚጥል አለ፣ ሲሰበርበት ትቶት የሚሄድ አለ። ሚሞሪው እኮ ውስጡ ነው። አንድ ከሰዓት ቢሰጡኝ እጨርሳታለሁ። አንቺ ብትገፊው ይሰማሻል።»

«ከርክክቡ በኋላ» አልኩት። የቀጠሮን ድምፅ ከራሴ አፍ ሰማሁት፤ ቀፈፈኝ።

ልጁ ሲያወራ አንድ ነገር ውል ብሎኝ ነበር፣ ከዚያ ስልክ ተደወለና ጠፋብኝ። ሥራ ናላዬን አዙሮታል።

ማክሰኞ፣ በጥድፊያ

መጣ። ቤቱ ድረስ መጣ። አረንጓዴውን በር በእግሩ ሲመታ አከራይዋ ከነባልዲዋ ወጥታ «ፖሊስ ጠርቻለሁ!» ብላ ጮኸችበት። ሄደ። ፖሊስ አልጠራችም፣ ስልኳ ካርድ አልነበረውም። እህቴና ሚጣ አልጋ ሥር። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው።

እዚያው ቀን ማታ

ሚጣ አልጋ ሥር ሆና ምንም ድምፅ አላሰማችም። «ጎበዝ!» ብዬ ሳምኳት። የአምስት ዓመት ልጅ ባለመጮኋ ጎበዝ ትባላለች።

«አክስቴ ናት» አልኩ።

እህቴ ራሷን ነቀነቀች። «አክስቴማ አታደርገውም።»

«ታዲያ ማን? ቤቱን ሌላ ሰው ያውቃል? ጥሪልኝ!»

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «እሺ» አለች። ባታምን ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። ግን እውነቱን መጋፈጥ አለባት፣ ለራሷ ነው።

አዲስ ቤት አግኝቻለሁ። አንዲት ልብስ ሰፊ ሴትዮ ከመስሪያ ክፍሏ ጀርባ ያለውን ክፍል ታከራየናለች። ለእህቴ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በጆሮዋ ነው የነገርኳት። አክስቴ አትሰማም፤ አሁን ሁለታችን ብቻ ነን።

ሐሙስ

ገቡ። ልብስ ሰፊዋ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ነገረኛ ሴት ናት። «እዚህ መቀስም ካውያም አለ፣ ማንንም አንፈራም» አለች። እህቴ ሳቀች። አክስቴ ስትደውልልኝ ዋለች፤ አላነሳሁም።

ዓርብ፣ ርክክብ

ሸሚዜን ቡና ደፋሁበት። ጃኬት ከላይ። የማሳያው ስልክ አልነሳ ብሎ ስመታው አንዷ የትምህርት ቤት ኃላፊ አየችኝ፣ አቤት ውርደት!

ምሳ ሰዓት ላይ ከእህቴ መልእክት መጣ። «እህቴ፣ የአዲሱን ቤት ምልክት ላኪልኝ። ታክሲ ይዤ ጠፋኝ።» አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ጻፍኩላት፤ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ሁለተኛው ግቢ፣ የልብስ ስፌት ሰሌዳ ያለበት። ትናንት የገባችበት ቤት ይጠፋታል? «እህቴ» ደግሞ መቼ ጀመረች፤ እታለም የት ሄደ? ጭንቀት ነው፣ ምስኪን። ቀጠሮ እየጠራኝ ነው።

ዓርብ፣ ሆስፒታል

ከርክክቡ ልጀምር፣ ሌላውን መጻፍ አቃተኝ።

አንዲት ኃላፊ «የወላጆች መልእክት በሌላ ሰው እጅ ሊገባ አይችልም?» ብላ ጠየቀች። ቀጠሮ ወደ እኔ ዞረ። «አይችልም» አልኩ። ድምፄ ንቅንቅ አላለም። አጨበጨቡ። እያጨበጨቡ ነው ልብስ ሰፊዋ የደወለችልኝ።

የእህቴ መንጋጋ ተሰብሯል። ግራ እጇ ሁለት ቦታ። አንድ ዓይኗ ይድን እንደሆነ ገና አላወቁም። ልብስ ሰፊዋ ሰውዬውን በጋለ ካውያ ትከሻውን ባትለው ኖሮ አይተዋትም ነበር አሉ። አምልጧል። ሚጣ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነው የተገኘችው። አትናገርም። ስሟን ብጠይቃትም አትናገርም።

ቅዳሜ

እህቴ መንጋጋዋን በሽቦ አስረውታል፣ በጥርሷ መሃል ነው የምታወራው። «አክስቴ ናት። ተከትላን ነው» አለች። እኔ ያስተማርኳትን ነው የምትደግመው። ትራሷን አስተካከልኩላት።

አክስቴ ሾርባ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። እህቴ አላያትም አለች። ንገሪያት አለችኝ። ወጣሁና ነገርኳት። አዎ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነገርኳት።

«እሺ ልጄ። ሾርባውን ግን አስገቢላት። በቀሰም ከሆነ ይወርድላታል» አለች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ወደ ቤትሽ ሂጂ ብላት አልሄደችም። ሚጣ መጥታ ጭኗ ላይ ተኛች።

የዓርቡ መልእክት እየተመላለሰብኝ ነው። ደክሟት ነው የጻፈችው። ደክሟት ነው።

እሑድ

ጠየቅኳት። «ዓርብ ምሳ ላይ ታክሲ ይዘሽ ነበር?»

አልያዘችም። ቤት ነበረች፣ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ተሰክቶ ነበር። ስልኳን ከፈትኩት፤ መልእክቱ የለም፣ የእኔም መልስ የለም፣ በእሷ ስም ገብቶ አጥፍቷቸዋል። እኔ ስልክ ላይ ግን ሁለቱም አሉ። «እህቴ።» ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ «እህቴ» የሚለኝ እሱ ነው።

ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። የተሰበረው ስልክ እሱ ጋ ነው፣ ሚሞሪው ውስጡ ነው። ነቅሎ ሌላ ስልክ ላይ ከተተው፣ በቃ። እኔ ያን ሰኞ ያደረግሁትን ነው ያደረገው፣ ከእኔ የተለየ እውቀት አላስፈለገውም። ሳሉን አነበበ፣ አረንጓዴውን በር አነበበ፣ ዳቦ ቤቱን አነበበ። የመጨረሻውን ቤት ግን ያነበበው አይደለም። ጠየቀኝና ነገርኩት።

ጭምቱ ፊቴ ቆሞ «ሲሰበርበት ትቶት የሚሄድ አለ» ሲል ምን ነበር ውል ያለኝ? አውቄዋለሁ። ያኔም አውቄው ነበር፤ ገፋሁት። ስገፋው ይታወቀኛል።

ሰኞ

ለቀጠሮ ሁሉን ነገርኩት። እውነትም አዘነ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ግን ገና ዓርብ ነው የፈረሙት። ሁለት ሳምንት ስጪኝ፣ ከዚያ...»

ትቼው ወጣሁ። ጭምቱ ማስተካከያውን ሌሊት ሌሊት ሠርቶ ከጨረሰ ቆይቷል፣ ሰው እስኪለው ብቻ ነበር የሚጠብቀው። «ልቀቀው» አልኩት። ያቺን ፋይል ከየሰዉ ስልክ አጠፋናት፣ ሰዉን ሁሉ ከአፑ አስወጣን። ሲመለሱ የሚያነቡትን እኔ ጻፍኩት፦ «ፓስወርድዎ ሚሞሪዎ ላይ በግልጽ ተጽፎ ቆይቷል። ጥፋቱ የእኛ ነው። አሁኑኑ ይቀይሩት። የተውት፣ የጠፋብዎ ወይም በሌላ ሰው እጅ ያለ ስልክ ካለዎ የጻፉት ሁሉ ተነቦ ሊሆን ይችላል።» ቀጠሮ ስልኩ ላይ ሲያየው ጩኸቱ ከላይ ፎቅ ተሰማ። ሁለታችንንም እዚያው አባረረን። ጭምቱ ዕቃውን እየሰበሰበ ሳቀ፣ ጥርሱን ያኔ ገና አየሁት።

ጀግና የሆንኩ እንዳይመስለኝ። ያኔ ማክሰኞ ባደርገው ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።

ማክሰኞ

አክስቴን ከኮሪደሩ አስገባኋት። እህቴ ፊቷን ልታዞር ስትል «ቆይ፣ እሷ አይደለችም» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፋይሏን፣ ፊርማውን፣ ሹመቱን ሳይቀር። ሹመቱን መናገር ከሁሉ ከበደኝ።

«ደህና ነው ብለሽኝ ነበር» አለች እህቴ።

«አዎ።»

«ያኔ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አክስቴ እግር ላይ ወደቅኩ። ትከሻዬን ይዛ አነሳችኝ። «እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ። እኔን ማን መታኝ?» አለች።

እህቴን ቀና ብዬ አየኋት። በአንድ ዓይኗ ነው ያየችኝ፤ ንዴት አልነበረበትም፣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ውጪልኝ» አለች። ወጣሁ።

ከሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ

ሰውዬው አልተያዘም። ዛሬ ሆስፒታል ብሄድ አልጋዋ ላይ ሌላ ሴት ተኝታለች። ነርሷ «ዘመዶቿ ወሰዷት» አለችኝ። ዘመዷ እኮ እኔ ነኝ ልላት ነበር።

ለአክስቴ ደወልኩ።

«ደህና ናቸው» አለች።

«ሚጣስ?»

«ዛሬ ጠዋት ውሃ ስጪኝ አለችኝ።»

አለቀስኩ። አክስቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ፣ አንድም ቃል ሳትናገር፣ ያቺ ለፍላፊዋ አክስቴ።

«የት...» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱን አትጠይቂኝ ልጄ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ለማንም አልናገርም ብዬ ምያለሁ። እህትሽ ማንም ስትል ደግሞ ስምሽን ጠርታ ነው ያስማለችኝ።»

እሺ አልኳት። አልጠየቅኩም።